በገመድ የተጠገነ መሪ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ መኩሪያ፤ ኮምቦልቻ፣ ከጋራዡ በላይ ባለው ቤት።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ያ የቀኝ ጉልበትዎ ዝናቡ ሲያባራ ትንሽ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ደረጃውን የሚወጡት ግድግዳውን ይዘው ነው? የዓይን ጠብታውንስ በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ እማማ ጠርሙሱን ይዛ ከኋላ ከኋላዎ ትዞራለች? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይስማማዎታል? ጋራዡ፣ ጎረቤቱ፣ ሠፈሩ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። እጄ ላይ ከነበረው ቁስል በቀር የታመምኩት ነገር የለም፤ እሱም ድኖ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ሥራዬም እዚያው ሆስፒታል ነው፤ የመተንፈሻና የልብ መከታተያ ማሽኖች ሲበላሹ አሁንም የሚጠሩት እኔን ነው። ቤቴም እዚያው ኦስሎ፣ ሊንደሩድ ሠፈር ነው። ብርዱ ጀምሯል፤ በመስኮቴ የሚታዩት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል።

ይህን ደብዳቤ ካሌብ የሚባል፣ እዚህ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደሴ የሚመለስ ጨዋ ልጅ በእጅዎ ያደርስልዎታል። ብርሃነመስቀል እንዲያነብልዎ አልፈልግም። ወንድሜን ሳላምነው ቀርቼ አይደለም፤ ከባድ ከባዱን እየዘለለ እንደሚያነብልዎ ስለማውቅ ነው። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። የምጽፈውም በስልክ ስላጣሁዎት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየእሑዱ ስደውል እማማ አንድ ቀን «ተኝቷል» ትላለች፣ አንድ ቀን «ለቅሶ ሄዷል» ትላለች። እማማ መዋሸት አትችልበትም፤ አጠገቧ ሆነው ሲስሉ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ብርሃነመስቀልን አስጨንቄ እውነቱን አወጣሁት። አንድ ጎረቤት በስልኩ የኔን ፎቶ አሳይቶዎታል፤ ቀይ የባሕር ልብስ ለብሼ ጀልባ ላይ ቆሜ ስስቅ። እርስዎም አይተው ስልኩን መለሱለትና፣ «ባሕር አንዱን ልጄን በላ፤ እሷ ደግሞ መጫወቻ አደረገችው፤ ከእንግዲህ አታገናኙኝ» አሉ። አባባ፣ አልተቀየምኩም። አበጋዝ ወንድሜ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ባሕር የሚለው ቃል በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ውኃ ሲታይ ተነሥተው ጣቢያውን እንደሚቀይሩም አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። የሆነውን ከጎረቤት ስልክ ሳይሆን ከኔ እንዲሰሙት ነው የምጽፈው፤ ሰምተው ሲጨርሱ መቆጣት ከፈለጉ ይቆጡ። መጫወቻ ግን አላደረግኩትም።

ዋና የተማርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለምን እንደጀመርኩት ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ፤ ወረቀቱን ያበዛሁትም ለሱ ስል ነው። ኮሙን የሚሉት ማዘጋጃ ቤት በሚያስተዳድረው መዋኛ ገንዳ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ፊቴን ውኃ ውስጥ መንከር ተማርኩ። ሕፃናቱ ቀድመውኝ ጨረሱ። እኔ ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ያኔ በሆስፒታላችን ራንዲ የምትባል የማደንዘዣ ነርስ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት ሠላሳ ዓመት የሞላት አሮጌ ጀልባ ነው። አንድ ቀን የመተንፈሻ ማሽን ፈትቼ ስገጥም ከጎኔ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ጀልባዬ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በሽተኛ ነው፣ መጥተሽ ታይልኛለሽ ወይ አለችኝ። ለማየት ብዬ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየሩ ሞቅ ባለ ቁጥር ፊዮርድ በሚሉት፣ ወደ ከተማው ገባ ባለው ባሕር ላይ አብሬያት ስወጣ ነፋስ መያዝንም መሪ መያዝንም ለመድኩ። ከዚያ ራንዲ ጀልባዋን ባለፈው ሰኔ ለተደረገ ትልቅ ውድድር አስመዘገበቻት፤ እኔንም ከነስሜ አስመዘገበችኝ።

ውድድሩ ከኦስሎ ፊዮርድ አፍ ተነሥቶ በስኮትላንድ ሰሜን ዞሮ፣ አትላንቲክ መሐል ባሉት የአዞረስ ደሴቶች ኦርታ የሚባል ወደብ ላይ የሚያልቅ ነው። ጀልባዎቹ የሚሄዱት በነፋስ ብቻ ነው። ሞተር አላቸው፤ ግን ባትሪ ለመሙላት ካልሆነ አይፈቀድም። ጀልባዋን የሚገፋው ክፍል ከመነሻው በፊት በማኅተም ይታሸጋል፤ ማኅተሙ የተበጠሰ ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው። በሃያ ሁለት ቀን ያልደረሰም እንዳልተወዳደረ ይቆጠራል። የኛዋ ጀልባ ቴርና ትባላለች፤ የባሕር ወፍ ስም ነው። ርዝመቷ አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ እርስዎ ይጠግኗቸው የነበሩት ኤንትሬ የጭነት መኪናዎች ከነተሳቢያቸው ይበልጧታል። ሦስት ነን፤ ራንዲ፣ እኔና ኦድቫር። ኦድቫር የራንዲ የሟች ባሏ ወንድም ነው። አናጢ ነው፤ አትላንቲክን ሁለት ጊዜ አቋርጧል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው።

ልንነሣ አንድ ሳምንት ሲቀረን የአገራችን ሰዎች ከምንሰበሰብበት ጸሎት ቤት ስወጣ አንዲት ትልቅ ሴት በሩ ላይ ያዙኝ። ሰው ከባሕር አምልጦ በሚመጣበት አገር ተቀምጠሽ አንቺ ወደ ባሕር ትሄጃለሽ፣ እናት አባት የለሽም ወይ አሉኝ። እናትም አባትም አሉኝ ብዬ ትከሻቸውን ስሜ ሄድኩ።

ሰኔ ሰባት ቀን ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ጀልባ ሆነን ተነሣን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስለ ውበቱ ብነግርዎት ስለማይወዱት ልለፈው። በሦስተኛው ቀን መሪውን በራሱ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ማሽን ድንገት ጮኾ ዝም አለ። ፈታሁት። ጨው ገብቶ ሰሌዳውን አቃጥሎታል። ሕመምተኛ ቢሆን አክመው ነበር፣ ይህ ግን ሞቷል አልኳቸው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሪው በሰው እጅ ሆነ፤ አንዱ ሁለት ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ አራት ሰዓት ያርፋል፤ በአራቱ ሰዓት ውስጥም መብላት፣ መተኛትና ሸራ መቀያየር አለ። አንድ ሳምንት ሳይሞላን ሦስታችንም ቆመን መተኛት ለምደን ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ሞተሩ ባትሪ ሲሞላ የጎማ ሽታ ሸተተኝ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጣጥሷል። ኦድቫር መለዋወጫውን ከሣጥን አወጣው፤ ሌላ ልክ ነው፤ አንድ ጣት ያጥራል። ራንዲ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች፤ ዕቃውን የገዛችው እሷ ነበረች። አባባ፣ ትዝ ይልዎታል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከሚሌ ስንመለስ ቺንጋው ተበጥሶ እርስዎ ከጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ቆርጠው ቀጥለውት ባቲ ድረስ የገባነው? እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጅዎን ነበር የማየው። ቴርና ላይ ከመነዳሪ የለም። የኦድቫር የጎማ ቦት ጫማ ግን አለ። ለምኜ ሳይሆን ነግሬው ወሰድኩት። አንገቱን እንደ ጠፍር ቆረጥኩ፣ ውስጡን ቀጭን የሸራ ገመድ አስገብቼ በሸራ መስፊያ መርፌ ሰፋሁት። የመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛው ሃያ አምስት ደቂቃ። ሦስተኛውን ጠበቅ አድርጌ ስሰፋው አርባ ደቂቃ አዞረ፤ ኦድቫርም ባዶ እግሩን ዘርግቶ እያየ፣ ሌላኛውንም ቦት አሁኑኑ ልስጥሽ ወይ አለኝ። በሰባት ቀን ውስጥ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ነው።

በቀን አርባ ደቂቃ የሚሞላ ባትሪ ለሬዲዮውና ለመብራቱ ይበቃል እንጂ የባሕሩን ውኃ ወደ መጠጥ ውኃ ለሚለውጠው ማሽን አይበቃም። ስለዚህ እሱን ዘጋነው። በጄሪካን የያዝነው ሥልሳ አምስት ሊትር ነበር። ራንዲ በብርጭቆ ለካች፤ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ሊትር ትንሽ አለፍ ይላል። ሩዙን ግማሽ በባሕር ውኃ ቀቀልነው። ፊታችንን አልታጠብንም። ከንፈራችን ተሰነጣጠቀ። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ጤነኛ ነበርን፣ እንዲያውም እንስቅ ነበር። በሬዲዮ ግን ከፊታችን ያሉት ጀልባዎች አንድ በአንድ ሲያቋርጡ እንሰማለን። ከኛ በጣም አዲስ የሆኑ ጀልባዎች ናቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ዋናው የመጣብን። ከአየርላንድ በስተምዕራብ ነበርን። ከማለዳ ጀምሮ ነፋሱ እየበረታ ሄዶ ማዕበሉ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ሆነ። መሪው ላይ ራንዲ ነበረች። ከሥር አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ መሪው በእጇ ላይ ባዶውን ዞረ፤ እሷም ወድቃ ትከሻዋ ከብረት ጋር ተጋጨ። ከመሪው ወደ ኋላ የሚሄደው የብረት ገመድ ተበጥሷል። ኦድቫር ለክፉ ቀን የተቀመጠውን የብረት ዘንግ አምጥቶ ውኃው ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን በሚያዞረው መቅዘፊያ ራስ ላይ በቀጥታ ሰካው። አንድ ሰዓት አልቆየም፤ የዘንጉ ብየዳ ተሰነጠቀ። ሸራውን አጥፈን ጀልባዋን በጎኗ አቆምናት፤ ከዚያ በኋላ ማዕበሉ እንደፈለገው ያነሣናል፣ ያወርደናል።

ኦድቫር ያን ጊዜ ተናገረ። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ራንዲ አንድ እጅ ሆናለች፣ መሪ የለም፣ ውኃ እያለቀ ነው፤ ሬዲዮው ሳይሞት ውድድሩን ትተን ወደ አየርላንድ የሚጎትተን እንጥራ አለ። ትክክል ነበር፤ ሞኝ ሰው አይደለም። ራንዲ እኔን አየችኝ። እኔ እስከ ማታ ስጡኝ አልኩ። አሁን አምስት ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሪው ካልሠራ ሬዲዮውን ራሴ አነሣለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ማንም አይነካውም አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ኦድቫር ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

አባባ፣ ለነሱ የነገርኩትን ከነሱ በፊት ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ደበቅኩዎት። ለቅሶውን እንደገና ልቀሰቅስብዎ ፈርቼ ነው፤ በዚህ ብቻ ከወቀሱኝ ወቀሳዎን እቀበላለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ እዚህ ኦስሎ በምንሰበሰብበት ጸሎት ቤት አንድ ወጣት ቆሞ መሰከረ። ዮኤል ይባላል፤ አልናብሩ በሚሉት የጭነት ሠፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር የገጠመውን ነበር የሚናገረው። ዘጠና ሰው ያህል ነበርን አለ። ባሕሩ መሐል ሞተሩ ጠፋ። ባለጀልባዎቹ በብረት ደበደቡት፣ ተሳደቡ፣ አልነሣ አለ። አንድ ቀን ተኩል እንዲሁ ተንሳፈፍን። ሰው መጸለይም መጮኽም ሲደክመው አንድ የኮምቦልቻ ሰው ከመሐል ተነሥቶ፣ ዞር በሉ፣ እኔ መካኒክ ነኝ አለ።

መሣሪያ አልነበረም አባባ። ፒንሳ እንኳ አልነበረም። ያለውን ሁሉ አምጡ አለ፤ አንዷ ሴት የፀጉር ማስያዣዋን ሰጠችው፣ አንዱ የጥፍር መቁረጫ ሰጠው። ነዳጁ ውስጥ ውኃ እንደገባ አሽትቶ ብቻ ለየ። ማጣሪያውን በዚያ የጥፍር መቁረጫ ፈታ፣ ውኃውን አስወጣ፣ የነዳጁን ቱቦ በአፉ እየሳበ እየተፋ አጸዳ፤ ነዳጁን ውጦ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ዮኤል እንዲህ አለ፦ ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሲስመው እሱ ሳቀና «የመኩሪያ ልጅ እኮ ነኝ» አለ።

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የነበሩት ውኃ አምጥተው ሰጡኝ።

ሞተሩ አራት ሰዓት ሠራ። መሬት ታየ። ዳር ሊደርሱ ሲሉ ጀልባው ከሥር ድንጋይ መትቶ ተገለበጠ። ሠላሳ አንድ ሰው ተረፈ። አበጋዝ መዋኘት አይችልም ነበር፤ ማን አስተምሮት? ሞተሩ ባይነሣ ኖሮ ግን ሠላሳ አንዱም አይኖሩም ነበር፤ ዮኤልም አልናብሩ ዕቃ አይጭንም፣ ሁለት ልጆችም አይወልድም ነበር። እርስዎ እስከ ዛሬ ልጄ እንደ ጆንያ ተጭኖ እንደ ጆንያ ሰጠመ ብለው እንደሚቃጠሉ አውቃለሁ፤ ለእማማ ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጅዎ ሥራ ላይ ነበር። እርስዎ ያስተማሩትን እየሠራ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ሄጄ ዋና ተመዘገብኩ።

ይህን ለኦድቫር በአጭሩ ስነግረው የግንባር መብራቱን አውልቆ ግንባሬ ላይ አሰረልኝና የኋላውን መክደኛ ከፈተው። ራንዲ ባንድ እጇ ሸራውን ይዛ ጀልባዋን ቀጥ አድርጋ ልትጠብቅልን ወደ ላይ ወጣች።

የመሪው ገመድ የሚሄድበት ጉድጓድ ለልጅ እንኳ የሚበቃ አይደለም። በደረቴ ተሳብኩ፤ ኦድቫር ማዕበሉ እንዳይጥለኝ ከኋላ ሁለት እግሬን ይዞኛል። ውስጡ ናፍጣና የበሰበሰ ውኃ ይሸታል። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ጠርጌ ቀጠልኩ። የተበጠሰውን የብረት ገመድ ስስብ ክሩ መዳፌን ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አምባሬ ቦታ ድረስ ቀደደው፤ በጨርቅ አሰርኩት። መለዋወጫ የብረት ገመድ የለንም፤ ስለዚህ ከሸራዎቹ አንዱን የሚይዘውን ጠንካራውን ገመድ ፈትተን አወረድነው። እሱን ገመድ በሚያዞሩ አራት ፑሊዎች ውስጥ ማሳለፍ፣ ጫፉን መሪው ሥር ካለው ሰንሰለት ጋር ማሰር፣ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል ማጥበቅ ነው ሥራው። ጋራዥ ውስጥ ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እዚያ ግን ፑሊው ሊያዝ ሲል ጀልባዋ ትዘልና ከእጄ ያመልጣል። ሦስተኛውን ፑሊ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ አንደኛው ላይ አልቅሻለሁ፤ ይህንን ኦድቫር አላየም፣ እግሬን ብቻ ነበር የያዘው።

ዐሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣሁና ራንዲን ዙሪው አልኳት። ዞረ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ፤ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ ይታዘዛል። ኦድቫር መሪውን ራሱ ይዞ ሞከረው፤ ከዚያ ወደ አየርላንድ ሳይሆን ወደ ደቡብ አዞራት።

ሁሉ ነገር ከዚያ በኋላ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽዎትም። ገመዱ በየሁለት ሰዓቱ ይላላል፤ በየሁለት ሰዓቱ አንዳችን እየገባን እናጠብቀዋለን። የራንዲ ትከሻ ስላበጠ እኔና ኦድቫር ብቻ ነበር የምንፈራረቀው። ሁለተኛው ቦት ጫማም አለቀ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ደግሞ ነፋሱ ጭራሽ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ፣ ሸራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ የቀረን ውኃ ዐሥራ አራት ሊትር ሆኖ አንድ ቦታ ቆምን። ከማዕበሉ ይልቅ ያ ነው የከበደኝ። ማዕበል ሲመጣ የሚሠራ ነገር አለ፤ ነፋስ ሲጠፋ ምኑ ይጠገናል? ራንዲ ማኅተሙን በጥሰን በሞተር እንሂድ ብትል በዚያን ቀን እሺ እል ነበር፤ እውነቱን ልናገር። እሷ ግን ቁጭ ብላ ባንድ እጇ የተቀደደ ሸራ ትሰፋለች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ አየር ተሰማኝ።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኦርታ ገባን። ጊዜው ሊያልቅ አምስት ሰዓት ቀርቶት ነበር። ከተነሡት አሥራ ዘጠኝ ጀልባዎች የደረሱት አሥራ አንድ ናቸው፤ እኛ አሥራ አንደኛ ነን። አዎ፣ መጨረሻ። የውድድሩ ሰዎች ማኅተሙን አዩ፤ አልተነካም። ከዚያ የኋላውን መክደኛ ከፍተው ገመዱን አዩ፤ አንዱ ፎቶ አነሣው፤ ሌላው እኔን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ኦድቫር ባዶ እግሩን ወደ መሬት ወርዶ ሚስቱ ጋ ደወለና አለቀሰ። እኔ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ውኃ ቆሜ ጠጣሁ። ጎረቤትዎ ያሳየዎት ፎቶ ያን ጊዜ የተነሣ ነው። እንግዲህ ለምን እንደምስቅ አሁን ያውቃሉ።

ስመለስ ዮኤልን ሄጄ አገኘሁት። እርስዎ ፈቃድዎ ከሆነ ሊያነጋግርዎ ይፈልጋል። የሰውየውን አባት እጅ መሳም ነበረብኝ፣ በሕይወት ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም አለ። ስልክ ቁጥሩን በሌላ ወረቀት ጽፌ ለካሌብ ሰጥቼዋለሁ። ለኔ ባይናገሩ እንኳ ለሱ ይናገሩ።

ሌላም አለ፤ ይህንንም ከሰው ስልክ እንዳይሰሙት። ራንዲ ትከሻዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ለሚቀጥለው አብረሽኝ ነሽ ወይ ስትለኝ «ያ» አልኳት፤ በዚህ አገር ቋንቋ እሺ ማለት ነው። ከውድድሩ በፊት ያለውን ዕቃ ሁሉ የምመርጠውም የምፈትሸውም እኔ ነኝ። ዲናሞው ከወዲሁ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ተቀምጧል። አትሂጂ ቢሉኝም እሄዳለሁ አባባ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

የመጨረሻው ስለ ኤልዳና ነው። በነሐሴ ከእናቷ ስልክ ደውላ ዋና መማር እፈልጋለሁ አለችኝ። እርስዎን አያቷን ጠይቃ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ከባልዲ በላይ የሆነ ውኃ አትነኪም ብለው እንደመለሷትም ነገረችኝ። የአበጋዝ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። አባቷን ያጣችው መዋኘት ባለመቻሉ ነው፤ እሷም መዋኘት ሳትችል እንድታድግ መፍረድ ለሱ ማዘን አይመስለኝም። በጥር ወር የአንድ ወር ዕረፍት አለኝ፤ እመጣለሁ። ከእናቷ ከዝናሽ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ፈቅዳለች። በየማለዳው ሐይቅ ወስጄ እኔው ራሴ አስተምራታለሁ፤ መጀመሪያ ፊቷን መንከር፣ ከዚያ መንሳፈፍ፣ ከዚያ መሄድ። እርስዎም አብረውን እንዲመጡ እፈልጋለሁ። ወንበርዎን ይዘን ዳር ላይ ጥላ ሥር እናስቀምጥልዎታለን። ማየት ካልቻሉ ጀርባዎን ለውኃው ሰጥተው ይቀመጡ፤ የእኛን ድምፅ እየሰሙ። ልጅቷ ግን ውኃው ውስጥ ትገባለች።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ቡናማውን ሹራብ ለካሌብ ሰጥቼዋለሁ፣ ሣጥን ውስጥ እንዳትቆልፈው፣ ትልበሰው። ብርሃነመስቀል ወንድሜን አንገቱን አቅፌ ሰላም እላለሁ፤ እውነቱን ስለነገረኝ አይቆጡት፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት። ለሚስቱና ለመንታዎቹ ብዙ ሰላምታ፤ ጥርሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ ሲባል ሰምቼ ስቄአለሁ። ጎረቤታችንን እትዬ አሰገደችን ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ደም ግፊታቸውን በየሳምንቱ ያስለኩ። ለዝናሽ እንደ እህቴ እንደምናፍቃት ይንገሩልኝ። ጋራዥ ለሚሠሩት ሁሉ፣ ከዘበኛው ከአቶ ጊዮርጊስ ጀምሮ፣ ሰላም ይበሉልኝ። ለኤልዳና የዋና ልብስ ገዝቼላታለሁ፤ እሱም ካሌብ ጋ ነው፤ ልኳ እንደሆነ ትጻፍልኝ።

እርስዎን አባባ ሁለቱንም ጉልበትዎን፣ የሚያምዎትን ቀኙን ቀስ ብዬ፣ እስማለሁ።

ልጅዎ ማኅደር መኩሪያ
ኦስሎ፣ ሊንደሩድ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.